ሐምሌ ይሁን

ተቆጥቼ ነው የማወራው። ቁጣዬ እስኪበርድ ጠብቄ ባወራ ይሻል ነበር፤ ግን ሁለት ወር ሞላው፣ አልበረደም። ስለዚህ ከነትኩሳቱ ስሙኝ።

እኛ ብሩሳርዶች በየሁለት ዓመቱ ቤተሰቡ በሙሉ እንሰበሰባለን። ከቦሞንት ይመጣል፣ ከሂዩስተን ይመጣል፣ ከካሊፎርኒያ ድረስ የሚመጣም አለ። አንድ ዓይነት ካናቴራ እናሠራለን፣ ጀርባው ላይ የሁላችንም ስም ይታተማል። በካናቴራው ቀለም እንጣላለን፣ ሥጋ ጠብሰን እየበላን እንታረቃለን። ዘንድሮ ግን ሥጋው ይቅርና በመርከብ እንሂድ ተባለ። ቴክሳስ ካለው ከከተማችን ከጋልቨስተን ወደብ ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ በአምስት ቀን የሚመለስ የመዝናኛ መርከብ አለ። የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ ላቪኒያ እባላለሁ፣ ቤተሰቡ ቪኒ ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ሰው ማዘዝ አይከብደኝም።

የመርከቡ ሐሳብ የታላቅ ወንድሜ የኢዜል ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጋልቨስተን ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ኖሯል። ጥጥ ጫነ፣ ዱቄት ጫነ፣ ሙዝ አወረደ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ የሽርሽረኞቹን ሻንጣ ተሸከመ። ስንት ሺህ ሰው ወደ ባሕር እንደሸኘ እግዜር ይወቀው። እሱ ራሱ ግን አንዲት ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

የጋልቨስተን ባሕር ቡናማ ነው። እዚህ ያደግን ሰዎች ባሕር ሲባል የሚታየን የድስት እጣቢ ነው። ሽሪምፕ አጥማጆች ግን ኢዜል ወደቡ ላይ ሥራ በጀመረ ሰሞን ነግረውታል፦ ወደ ደቡብ አንድ ሌሊት ከተጓዝክ ቡናማው ያልቅና ሰማያዊ ይጀምራል፤ ዓይንህን አታምነውም። ይቺን ወሬ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸው አወራት። በልደት ቀን ያወራታል፣ ለቅሶ ቤት ያወራታል። «ሰማያዊውን በዓይኔ በብረቱ ሳላይ አልሞትም» ይላል። እኛም እንስቅበታለን። ታዲያ ዘንድሮ እንሂድ ሲባል አንድም ሰው እምቢ አላለም፤ ጠቡ የመጣው መቼ እንሂድ በሚለው ላይ ነው።

የኢዜል ልጅ ሮሼል አስተማሪ ናት። በመጋቢት፣ ለጸደይ ዕረፍት ትምህርት በሚዘጋበት ሳምንት ይሁን አለች። እኔ ሐምሌ አልኩ። በመጋቢት መርከቡ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይነግሡበታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይጠጣሉ፤ አሳንሰር ውስጥ ያስታውካሉ፤ ወንበሩን ሁሉ በፎጣ ይዘውት አንዲት አሮጊት የምታርፍበት ታጣለች። ይኼ ግን ተራው ጥላቻዬ ነው። ዋናው ሌላ ነው።

ባለቤቴ ሉተር ከመሞቱ በፊት የሄድንበት ብቸኛው የመርከብ ጉዞ በመጋቢት ነበር። እንዴት በዚያ ሳምንት እንደያዝነው አትጠይቁኝ፤ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን በስህተት ነበር። ቀትር ላይ ምሳችንን በልተን በመዋኛው ገንዳ በኩል ስናልፍ አንዱ ባርኔጣ የደፋ ጎረምሳ የሉተርን ከዘራ ከእጁ መንጭቆ ወሰደ። «ና ጨፍር፣ አያቴ!» አለው። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሃምሳ ልጅ ከቦት ያጨበጭባል፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸው ብዛቱ! ሉተር ያለ ከዘራው መቆም ስለማይችል ይወዛወዛል፤ እነሱ መወዛወዙን ጭፈራ ብለው ሳቁበት። እሱም ሳቀ። ምን ያድርግ? ከዘራውን ነጥቄ እስክመልስለት ድረስ ጥርሱን እያሳየ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከክፍላችን አልወጣም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሞተ። ከተማሪ ጋር ሁለተኛ መርከብ ብሳፈር እግሬን ይስበረው ብዬ የማልኩት ያኔ ነው።

በጥር ወር በስልክ ተሰብስበን ድምፅ ሰጠን። ሮሼል ለስለስ ብላ ነው የጀመረችው።

«አክስቴ፣ ተማሪዎቹ ላይ ፎቅ ገንዳው ጋ ነው የሚውሉት። እኛ ከኋላ በኩል ጸጥ ያለ ቦታ ይዘን…»

«ጸጥ ያለ ቦታ? በመጋቢት? አንቺ ልጅ፣ የያዝሽልን መርከብ ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት?»

የአጎታችን ልጅ ቨርኖን በስልኩ ውስጥ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ሰው ሲስቅልኝ ይብስብኛል።

«እባክሽ አክስቴ» አለች ሮሼል። «ዘንድሮን ብቻ። ለሚቀጥለው አንቺ ባልሽው።»

«ሐምሌስ ምን አደረገሽ? በሐምሌም ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እግርሽን ሰቅለሽ ነው የምትውይው። ለምን መጋቢት? አንድ፣ አንድ ምክንያት ብቻ ንገሪኝ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። የሆነ ነገር ልትናገር ጀመረችና ዋጠችው።

«ይኸው! የላትም!» አልኩ። «ዝም ብላ እልኸኛ ናት፤ እናቷን ነው የመሰለችው!»

በእኛ ቤት ድምፅ የሚሰጠው ከትንሹ ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ትልልቆቹን ሰምቶ ማንም እንዳይከተል። እኩል ለእኩል ከሆነ የሁሉም ታላቅ ይቆርጠዋል። የአባታችን ሕግ ነው። ሦስቱ መጋቢት አሉ፣ ሦስታችን ሐምሌ አልን። ቆራጩ ኢዜል ሆነ።

«ኢዜል፣ አለህ?» አልኩት።

«አለሁ።»

«ሉተርን ምን እንዳደረጉት እንዳትረሳ።»

«አልረሳሁም።»

«በል እንግዲህ።»

ቆየ። እኔ በበኩሌ እያሰበበት ነው ብዬ ነው የጠበቅኩት።

«ቪኒ ካለች ሐምሌ ይሁን» አለ።

«አባዬ!» አለች ሮሼል።

«ብያለሁ ልጄ። ሐምሌ ይሁን።»

ሮሼል ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘጋችው። እኔ ታዲያ ዝም አልልም፤ ወዲያው መልእክት ላክሁላት፦ «የተሸነፈ ሰው ደህና ዋሉ ብሎ ነው የሚዘጋው።» ምነው ያኔ ጣቴን በቆረጠው። ከዚያ ቨርኖን ጋ ደውዬ በካናቴራው ቀለም ላይ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። እሱ የዱባ ቀለም አለ፣ እኔ ደክሞኝ እሺ አልኩ።

መጋቢት መጣ። ተማሪዎቹም እንደ አመላቸው የባሕሩን ዳር ግንብ ሞሉት። አንድ ቅዳሜ ኢዜልን ዓሣ ልጋብዝህ ብዬ ልወስደው ሄድኩ። ዘወትር ካልነዳሁ የሚለው ሰውዬ «ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ አንቺ ንጂ» አለኝ። በግንቡ ዳር እየነዳሁ ሳልፍ ተማሪዎቹ ግማሽ ራቁታቸውን በአንድ ጭነት መኪና ላይ ተጭነው ሲጮኹ አየሁ።

«እያቸው! እያቸው እስቲ!» አልኩት። «ከእነዚህ ጋር ነበር መርከብ ላይ ልታስሩን የነበረው።»

«እያየሁ ነው» አለኝ።

በባሕሩ በኩል ዞሮ ነበር። ተማሪዎቹ በግራ፣ እሱ ፊቱ በቀኝ። ባሕሩን እያየ መሰለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በስድስት መስታወት ስድሳ ሕፃን ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ከኋላ ወንበር ማን ማስቲካ እንደሚያኝክ አውቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠውን የገዛ ወንድሜን ግን አላየሁትም። ቤተ ክርስቲያን የመዝሙሩን ወረቀት «አንብቢልኝ፣ ዘንድሮ ፊደሉን አሳንሰውታል» ሲለኝ አነበብኩለት። ጭራሽ ጸሐፊዋን ሄጄ ተቆጣኋት፤ ፊደሉን አሳድጊ ብዬ!

በግንቦት አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢዜል ትንሿን የጭነት መኪናውን አስነስቶ ቀጥ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ የአበባ መደብ ላይ ወጣ። ሴቶች ጮኹ። ግንቡን ገጭቶ ቆመ። በሩን ከፍቶ ወረደና አየር ላይ እያየ «ማንን ነካሁ? ማንን ነው የነካሁት?» አለ። ማንንም አልነካም። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፤ ከእጄ እስከ ደረቱ አንድ ክንድ አይሆንም። አላየኝም።

ሮሼልን በክንዷ ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት።

«ስኳሩ ነው» አለችኝ እያለቀሰች። «ዓይኑ ውስጥ ይደማል። ግራው ድሮ ጠፍቷል። ቀኙን ሐኪሙ በጥር፣ እስከ ጸደይ ቢቆይለት ነው፣ ከዚያ በኋላ አልምልም ብሎን ነበር።»

«በጥር?»

«በጥር።»

«ድምፅ ስንሰጥ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም! ለመንኩሽ እኮ! አንድ ምክንያት ንገሪኝ ብዬ ለመንኩሽ!»

«አስማለኝ» አለች። «ቪኒ የሰማች ቀን የመኪናዬን ቁልፍ ትወስዳለች ብሎ በእናቴ መቃብር አስማለኝ።»

እኔ በቤተሰቡ ቁልፍ በመውሰድ የታወቅኩ ነኝ። አባታችን ሰማንያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ቁልፉን የወሰድኩ እኔ ነኝ። እዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው እግር የሌለው ነው። አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የቆመች መኪናውን እያየ አራት ዓመት ኖረና ሞተ። ቨርኖን ግማሽ ጎኑን ያመመው ጊዜም ከሆስፒታል ሳይወጣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼዋለሁ። ልክ ነበርኩ። ሁለቱም ጊዜ ልክ ነበርኩ፤ የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። ልክ ስለሆንኩ ሰው ይፈራኛል፤ ስለሚፈራኝ ዓይኑ እየጠፋ ሐምሌ ይሁን ይለኛል።

ጉዞው ይቅር አልኩ። ኢዜል አሻፈረኝ አለ። «ካናቴራው ታትሟል» አለኝ፤ እንደሱ ያለ ምክንያት።

ሐምሌ ላይ ተሳፈርን። ወደቡ ላይ ሻንጣ የሚጭኑት ሰዎች ገና ከሩቅ «ኢዜል! ሽማግሌው! ዛሬ ደግሞ ተጭነህ ልትሄድ?» እያሉ ጮኹለት። «ዕቃ ነኝ፣ ቀስ አድርጋችሁ ጫኑኝ» አላቸው። መወጣጫውን ማንም ሳይዘው ወጣው፤ እግሩ ያውቀዋል። ከላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቀውም። እጁን ዘረጋ፣ ሮሼል ያዘችው። እኔ እንድይዘው አልጠየቀኝም።

ስለ መርከቡ ልንገራችሁ፦ ተማሪ የለበትም። እንኳን ደስ ያለሽ በሉኝ። በተማሪው ፈንታ የቴክሳስ ሕፃን በሙሉ ከነእናቱ ተሳፍሯል። ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ አይስክሬም ይዘው ይጋጩሃል፣ አንዱ ገና ሳንነሳ እግሬን ረግጦኝ ጥፍሬን አጠቆረው። ገንዳው ከመጋቢቱ ባይብስ ነው! ቨርኖን በዱባ ቀለም ካናቴራው ውስጥ ሆኖ «ቪኒ፣ ጸጥታሽ እንዴት ነው?» እያለ ያልፋል። ሰው ፊት ባይሆን ባሕር ውስጥ እከተው ነበር።

በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ ሮሼልን «አንቺ ዛሬ ዕረፊ» ብያት ኢዜልን እኔ ወደ ኋለኛው ፎቅ ወሰድኩት። የመርከቡን የዳር ብረት ይዞ ቆመ። ነፋሱ ካናቴራውን ይመታዋል። ጀርባው ላይ ስማችን በዕድሜ ቅደም ተከተል ወርዷል፤ ከላይ የእሱ፣ ከሥሩ የእኔ።

ውሃውን አየሁት። አጥማጆቹ አልዋሹም። ያን ጊዜ ከሉተር ጋር ክፍላችን ውስጥ ተዘግተን ስለነበር ውሃውን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል በሰባ አንድ ዓመቴ አላውቅም ነበር። ከመርከቡ ሥር ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ አንድ ጠብታ ቡናማ የለም። ደስ አላለኝም። ደሜ ነው የፈላው።

«ቪኒ፣ ሰማያዊ ሆነ?» አለኝ ኢዜል።

«ገና ነው» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ሆኗል ካልኩ አለፈው ማለት ነው፤ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ ማለት ነው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«አጥማጆቹ በነገታው ጠዋት ይሆናል ነበር የሚሉኝ።»

«አጥማጅ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠየቀኝ፤ ገና ነው አልኩት። ሻይ አመጣሁለት፤ ጠየቀኝ፤ ቡናማው እየሳሳ ነው እንጂ ገና ነው አልኩት። እየባሰብኝ ሄደ። ሜክሲኮ እስክንደርስ ገና ነው እያልኩ ልዘልቀው አስቤ ነበር መሰለኝ፤ እንጃ።

ከኋላችን የሩጫ ኮቴ ተሰማ። የዋና መነጽር ግንባሯ ላይ የሰቀለች አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ከኢዜል ጎን የዳሩ ብረት ላይ ተንጠለጠለች። ድምፅዋ ጆሮ ይበሳል።

«እማዬ! እማዬ ነይ እይው! ውሃው ሰማያዊ ነው! ሁሉም ሰማያዊ ነው፣ እማዬ!»

እናቷ መጥታ ይቅርታ ብላን በእጇ ጎተተቻት። ልጅቷ እየተጎተተችም ትጮኻለች። ኢዜል አልተንቀሳቀሰም።

«ቪኒ።»

«አቤት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት።»

ራሱን ነቀነቀ። ሻዩን ለማስቀመጥ ጠርዝ በእጁ ሲዳብስ ብርጭቆውን ተቀበልኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሰው ዞሮ አየን፤ ይየን። «በጥር! አንዲት ቃል! ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብትለኝ መርከቡን ተሸክሜ አላመጣውም ነበር? ተማሪው በሙሉ ቢሳፈርበት፣ ራሴ ላይ ቢጨፍር ምን ገዶኝ!»

«ቁልፌን ትወስጂ ነበር።»

«አዎ እወስድ ነበር! ዕውር መኪና ይነዳል እንዴ? ያን ቀን ሕፃን ገድለህ ቢሆንስ? ቁልፍህን ወስጄ ሰማያዊህን እሰጥህ ነበር!»

«ስትወስጂ ነው ያየሁሽ፣ ቪኒ» አለ ቀስ ብሎ። «ስትሰጪ አላየሁም። የአባባን ወሰድሽ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የትም ወስደሽው ታውቂያለሽ?»

በየቀኑ አውቶቡስ እነዳ ነበር ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ስድሳ የሰው ልጅ በየቀኑ ወደሚፈልገው አደርስ ነበር። አልኩት እንዴ? አላልኩትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ለአንዴ እንኳ ሳይወጣ ገባኝ።

ኢዜል ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

«በይ ተይው እሱን» አለኝ። «ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ምን እንደሚመስል ነዋ። ሃምሳ ዓመት እኮ ነው የጠበቅኩት።»

አየሁት። በስልኩ ስብሰባ ላይ እኔ ብቻዬን አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሬያለሁ። ሉተርን ተናግሬያለሁ፣ ተማሪዎቹን ተናግሬያለሁ፣ ሮሼልን አፏን አስይዣለሁ። አሁን ወንድሜ አንድ ነገር ንገሪኝ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ ቃል እፈልጋለሁ። የእማማን የእሁድ ቀሚስ አሰብኩ፣ አይደለም። የቦሞንትን ሰማይ አሰብኩ፣ አይደለም። ምንም የሚመስለው ነገር አጣሁለት።

«ሰማያዊ ነው» አልኩት።

«ይኼንንማ» አለ ኢዜል፣ «ልጅቷም ነገረችኝ።»